ራዲያተሩ የጠፋብኝ የበረዶ ሞተር

ባለፈው ሐሙስ ሲያትል አጠገብ፣ ኬንት ከሚገኝ አንድ ትልቅ ሱቅ ወተትና ሽንኩርት ገዝቼ ስወጣ፣ መኪና ማቆሚያው መሀል አንድ ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። የተቃጠለ ስኳር ይመስላል። የማያውቅ ሰው ኬክ እየተጋገረ ነው ሊል ይችላል፤ እኔ ግን ከፈላ ሞተር ያመለጠ ኩላንት፣ የማቀዝቀዣ ውሃ መሆኑን ለማወቅ ዞር ማለት እንኳ አላስፈለገኝም። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ አፍንጫዬ ግን ገና ሥራ ላይ ነው። ሁለት መኪና አለፍ ብሎ አንዲት ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰች ወጣት ሴት የአሮጌ ነጭ መኪናዋን ኮፈን ከፍታ፣ እጇን በሻርፕ ጠቅልላ፣ የራዲያተሩን ክዳን ልትፈታ ጎንበስ ብላለች። እንፋሎቱ ከሥር እየተንፎለፎለ ነው። «ተይ!» ብዬ ጮህኩ። በእንግሊዝኛ መጮህ ነበረብኝ፤ ግን ሰው ሲደነግጥ ቋንቋ አይመርጥም። ደግነቱ ልጅቷ እጇን ሰብስባ ዞረችና «ውይ አባባ፣ ሐበሻ ነዎት እንዴ?» አለችኝ።

ሜሮን ትባላለች። በዲቪ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ቤት ለቤት እየሄደች አረጋውያንን ትንከባከባለች። «ሌይት ሆኛለሁ አባባ፤ የምንከባከባቸው ሴትዮ እየጠበቁኝ ነው። ሶ ትንሽ ውሃ አድ ላድርግበትና ልንዳው ብዬ ነው» አለች። ክዳኑን አሁን ከከፈተችው የፈላው ውሃ ፊቷን እንደሚልጠው፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ እንዳለባት ነገርኳት። «ግማሽ ሰዓት? ኦ ማይ ጋድ!» አለች። «ኦ ማይ ጋድ አያበርደውም፤ ይልቅ ለሴትዮዋ ደውይላቸው» አልኳት። ስቃ ኮል አደረገች። ሲበርድ አንዱን የላላ የጎማ ቱቦ አጠበቅሁላት፣ ውሃውን ሞላሁላት፣ እጄን ይዛ መርቃኝ ሄደች። ምርቃቱስ ከእኔ ወደ እሷ ነበር የሚገባው፤ ግን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። እሷ ከሄደች በኋላ እኔ የራሴን መኪና ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ወተቱ ሞቀ። ያ ሽታ ይዞኝ ሄዶ ነበር።

ያኔ እኔ ስመጣ ሲያትል ውስጥ ሐበሻ ጥቂት ነበር። ዛሬ በሬኒየር ጎዳና ስትነዳ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ሱቅ ሳታይ ሁለት መብራት አታልፍም፤ ያኔ ግን ሐበሻ የሚመስል ሰው መንገድ ማዶ ካየህ ተሻግረህ ትስመዋለህ፤ ሐበሻ ሆኖ ካልተገኘ ይቅርታ ጠይቀህ ትመለሳለህ። እኛ ስድስት ወንዶች ሆነን ቼሪ መንገድ ላይ ቀለሙ በተላጠ ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ሁለት ዶላር ይዘህ ከወጣህ በአውቶቡስ ደርሶ መልስ ሄደህ፣ ጃክሰን መንገድ ጥግ ላይ ዶናት በቡና ቀምሰህ ትገባለህ። በፓንኬክ ዱቄት እንጀራ የሚመስል ነገር እንጋግራለን፤ መምሰሉንስ አይመስልም፣ ግን በበርበሬ አስፈራርተን እንበላዋለን። ቡናማ ካፖርቴን ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በአራት ዶላር ገዛሁት። ከውስጥ ኪሱ በላይ «ሮይ» የሚል ስም በክር ተጠልፎበታል፤ ሮይ ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ ግን ሦስት ክረምት አሙቆኛልና ባለበት ይመስገን። አንድ የቴፕ ክርና አንድ ማጫወቻ ነበረን። ክሩ ከክር ላይ ስንት ጊዜ እንደተቀዳ አይታወቅም፣ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስል ነበር። እንዲያም ሆኖ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያ ዘፈን ሲከፈት ሳህን የሚያጥበው ማጠቡን፣ ሸሚዝ የሚተኩሰው መተኮሱን ያቆማል። አሁን ስልኬ ውስጥ ያው ዘፈን ጥርት ብሎ አለ። ጥርት ማለቱ አልተመቸኝም።

የራሴ የሆነ ሌላ ክርም ነበረኝ። ባለቤቴ ወይንሸትና ልጃችን ሠናይት ካርቱም ነበሩ። የወረቀት ነገር ሆኖ እኔ ቀድሜ መጣሁ፤ ሠናይት ያኔ ገና ትድህ ነበር። ስልክ መደወል ውድ ስለነበር ወይንሸት ድምጿን ቀድታ ትልክልኛለች። ጤናዋን ትነግረኛለች፣ ሙቀቱን ታማርራለች፣ ከዚያ «ነይ፣ ለአባትሽ ተናገሪ» ትላለች። ቀጥሎ ዝምታ ነው። የማራገቢያ ድምፅ ይሰማል፣ ሩቅ የሆነ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ ሠናይት ግን አትናገርም። «እምቢ አለች እኮ» ትላለች ወይንሸት በመጨረሻ። ያቺን ዝምታ ደጋግሜ አዳምጣት ነበር። እነሱን ለማስመጣት የስደተኞች ጉዳይ የምትሠራው ሴትዮ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነበር፤ ቋሚ ሥራ እንዳለኝ የሚመሰክር የአሠሪ ደብዳቤ። ደብዳቤው ካለ ፋይሉ ይንቀሳቀሳል፣ ከሌለ ይተኛል። እኔ የነበረኝ ደግሞ ሲጠሩኝ ብቻ የምሄድበት የሳህን አጠባ ሥራ ነው። መካኒክ ነኝ ብል ማን ሰምቶኝ።

በዚያ ቤት ታላቃችን ጋሽ ወርቁ ነበሩ። አሰብ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና የነዱ፣ አሁን ደግሞ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የሚያጥቡ ሰው ናቸው። እኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ የእሳቸውን ዓይነት መኪኖች ስጠግን ስለነበር በዚያ ቤት ውስጥ የሞተር ወሬ የምናወራው ሁለታችን ነበርን። «ስማ ተፈራ» ይሉኛል፣ «በዚህ አገር ሥራ ስትጠየቅ አላውቅም የሚባል ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ። አውቃለሁ በል፤ ከዚያ ማታ ታውቀዋለህ።» ይህ የእሳቸው ምክር ብቻ አልነበረም፣ የቤቱ ሕግ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ምግብ አብሳይ ነኝ ብሎ ተቀጥሮ የመጀመሪያውን እንቁላል የጠበሰው ሥራ ቦታ ነው።

አንድ ቀን ከወንዝ ዳር፣ የቆርቆሮ ጋራዥ በር ላይ «መካኒክ እፈልጋለሁ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሎ አየሁ። የጋራዡ ባለቤት ዌንደል ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከጥርሱ መሀል ስንጥር የማይጠፋ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። በበጋ የሣር ማጨጃና የጀልባ ሞተር፣ በክረምት ደግሞ ስኖሞቢል ይጠግናል። «ስኖሞቢል ታውቃለህ?» አለኝ። «የስ ሰር!» አልኩት ዓይኔን በጨው አጥቤ። ከጀርባው የቆመው ከፊት ሁለት ሸርተቴ፣ ከኋላ እንደ ታንክ የጎማ ሰንሰለት ያለው ሞተር ሳይክል ይሁን ጀልባ ያልለየለት ነገር ስኖሞቢል የሚባለው የበረዶ ላይ ማሽን መሆኑን እንኳ ያወቅሁት እሱ በጣቱ ሲያሳየኝ ነው።

ዌንደል ነገሩን አጠር አድርጎ አስረዳኝ። ማሽኑ የታላቅ እህቱ የዶሪስ ነው። ሴትዮዋ ባላቸው ሞቶ ብቻቸውን ተራራው ላይ፣ በክረምት መንገዱ በሚዘጋበት በኩል ይኖራሉ፤ ቀለባቸውንም መድኃኒታቸውንም የሚያመላልስላቸው ይኸው ማሽን ነው። በዚያ ክረምት ግን ግማሽ መንገድ ላይ እየፈላ ይቆም ጀመር። ሁለት ጊዜ በበረዶው ውስጥ በእግራቸው ቤታቸው ገብተዋል። ሁለት መካኒኮች ሞክረው አቅቷቸዋል። «እስከ ቅዳሜ በሽታውን ካገኘህ ቋሚ አደርግሃለሁ» አለኝ ዌንደል። ስለ ደብዳቤው እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ስንጥሩን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዞረና «እሱንም እጽፍልሃለሁ። ካላገኘኸው ግን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የፈላ ሞተር ለእኔ! ደንካልን በሚያቋርጡ መኪኖች ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። እስከ ረቡዕ እንኳ አልፈጅም ብዬ እየዘፈንኩ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት ቱታዬን አጥልቄ ኮፈኑን ከፈትኩና መጀመሪያ የሚታየውን ለማየት ጎንበስ አልኩ። ራዲያተር የለም። ከፊት አየሁ፣ የለም። በጎን አየሁ፣ የለም። ሞተሩ በውሃ የሚበርድ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ቱቦዎቹ አሉ፣ የኩላንቱ ማጠራቀሚያ አለ፤ ነገር ግን ቱቦዎቹ ወደ ኋላ ሄደው መቀመጫው ሥር ይጠፋሉ። ራዲያተር የሌለው በውሃ የሚበርድ ሞተር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። «ራዲያተሩ የት ነው?» ብዬ ብጠይቅ ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን እንዴት ብዬ ልጠይቅ? አውቃለሁ ብዬ የገባሁ መካኒክ ራዲያተር የት እንዳለ መጠየቅ፣ ሐኪም ነኝ ያለ ሰው ልብ በየት በኩል ነው እንደማለት ነው። አልጠየቅሁም። ማሽኑን ከመሬት አንስቼ ማቆሚያ ላይ ሰቅዬ አስነሳሁት፤ ብዙም ሳይቆይ የሙቀቱ ቀይ መብራት በራ። አጥፍቼ አስነሳሁት፣ እንደገና በራ። ሕመሙንስ አየሁት፣ መንስኤው ነው የጠፋው።

በምሳ ሰዓት ከጋራዡ ስልክ ለጋሽ ወርቁ ደወልኩ። ሁሉንም ሰሙኝና ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ አሜሪካ አጃጃለህ? ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው!» አሉኝ። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን አግዶ የሚይዝ ትንሽ በር ነው። እኛ አገር በተለይ በቆላ መንገድ ማንም አያሰነብተውም፤ ሞተር ፈላ ከተባለ የመጀመሪያው ሥራ እሱን ነቅሎ መጣል ነው። እኔም ነቅዬ ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ወረወርኩት። ማክሰኞ አስነሳሁት፣ ፈላ። የግድግዳውን ማራገቢያ አውርጄ ከፊቱ ደቀንኩበት፣ ፈላ። ረቡዕ ጆንያ ፈልጌ በውሃ ነክሬ ሞተሩ ላይ ጣል አደረግሁበት። አሰብ መንገድ ላይ ስንቱን መኪና ከሞት ያተረፈች ዘዴ ናት። ዌንደል በዚያው ቅጽበት ገባ። እርጥብ ጆንያ ለብሶ፣ ማራገቢያ ተደግኖበት፣ ሙቀት እንደያዘው በሽተኛ የሚተነፍሰውን የእህቱን ማሽን አየ። እኔን አየ። ዞሮ ወጣ። ያን ቀን ማታ ወይንሸትንና ሠናይትን በገዛ ምላሴ ካርቱም ያስቀረኋቸው መሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ካፖርቴን ሳላወልቅ ቀጥታ ዌንደል ፊት ቆምኩ። በእንግሊዝኛ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፤ ስደርስ ጠፋብኝ። «ይቅርታ። ዋሽቻለሁ። ይህን ማሽን አላውቀውም። ራዲያተሩ የት ነው?» አልኩት።  ጋራዡን ጥለህ ውጣ እስኪለኝ ጠበቅሁ። ዌንደል ስንጥሩን ከአፉ አወጣ፤ ሲያወጣው ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ሄዶ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተኛና «ና፣ አጠገቤ ተኛ» አለኝ። ሁለታችን ጎን ለጎን ተኝተን ከማሽኑ ሥር በባትሪ አሳየኝ። ከሰንሰለቱ በላይ፣ ከመቀመጫው ሥር ረጅም የአሉሚኒየም ዝርግ ተጋድሟል፤ ውሃው በእሱ ውስጥ ነው የሚዞረው። «ራዲያተሩ ይኸውልህ። ይህን የሚያበርደው ነፋስ አይደለም። ሰንሰለቱ ሲዞር በረዶ እያነሳ ይረጭበታል፤ የሚበርደው በበረዶው ነው» አለኝ።

በረዶው! ሲያትል ዝናብ እንጂ በረዶ የት አላት? ጋራዥ ውስጥ፣ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ሰቅዬ ሦስት ቀን ሳስነሳው የከረምኩት ማሽን ካልፈላ ምን ያድርግ? ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን ዝም እንዳለኝ ስጠይቀው፣ «እስክትጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው። ከአንተ በፊት የነበሩት ሁለቱ አልጠየቁኝም» አለ። ቀጠለና «እኔም በሽታውን አላውቀውም። ሁሉን ፈትሼአለሁ፤ ተራራው ላይ ሄደን ነው የምናየው። ቴርሞስታቱን ግን መልሰህ ግጠም፣ ያለ እሱ እዚያ ብርድ ውስጥ ሞተሩ አይሞቅም» አለ። እጄን እስከ ትከሻዬ ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ከትቼ ቴርሞስታቱን ፈለግሁ። የበሰበሰ የሙዝ ልጣጭ ሥር አገኘሁት።

አርብ ራት ላይ ለጋሽ ወርቁ ይህንን ስነግራቸው መሳቃቸውን ትተው አሰቡ። «እሺ፣ ነገ ተራራው ላይ በሽታው ካልተገኘስ?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«እንደሱ አይባልም። የውሃ ፖምፓ በቦርሳህ ያዝ። ምንም ካጣህ እሱን ቀይርና ሠራሁት በል። ደብዳቤውን ከተቀበልክ በኋላ ቢፈላም ባይፈላም የአንተ ጉዳይ አይደለም።»

«ሴትዮዋስ? እመንገድ ቢቀሩስ?»

ጋሽ ወርቁ እንጀራ መሳዩን ቆረሱ። «ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው አሁን?» አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ለእኔ ሳስተው ነው። በማግስቱ ማለዳ ከመለዋወጫ ሱቅ አንድ ፖምፓ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩ።

ቅዳሜ ዌንደል በጭነት መኪናው ወደ ምሥራቅ ወሰደኝ። ዛሬ ሰው ሁሉ ለሥራ ሬድመንድ ደርሶ ለመመለስ በሚጨናነቅበት ድልድይ ያኔ እንደ ልብህ ትነጉዳለህ። ሐይቁን ተሻግረን ስንወጣ ዝናቡ ነጭ ሆነ፣ ነጩ ወፈረ፣ ከዚያ ዓለሙ ሁሉ ጸጥ አለ። ዶሪስ መንገዱ የሚዘጋበት ቦታ ድረስ በጎረቤት ማሽን መጥተው ይጠብቁን ነበር። አጭር ናቸው፤ የሟች ባላቸውን ቀይ ጃኬት ለብሰው እጅጌውን ሦስት ጊዜ ጠቅልለውታል። ስማቸውን ብቻ መጥራት ከአፌ አልወጣ ስላለኝ «እትዬ ዶሪስ» አልኳቸው፤ የማዕረግ ስም መስሏቸው ደስ አላቸው። ዌንደል ማሽኑን አውርዶ ባልተረገጠው ሜዳ ላይ እያሽከረከረ ሩብ ሰዓት ነዳው። አልፈላም፣ መብራቱም አልበራም። «አያችሁ? የሚጠላው እኔን ብቻ ነው» አሉ እትዬ ዶሪስ። ዌንደል ትከሻውን ሰበቀና እኔን ወደ ቤታቸው በሚወስደው መንገድ እሳቸውን ከኋላዬ አድርጌ እንድነዳ አዘዘኝ።

በበረዶ ላይ ስነዳ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ፈርቻለሁ። መንገዱ መሀሉ በብዙ ማሽን ተረግጦ እንደ አስፋልት ጠጥሯል፣ ዳርና ዳሩ ግን እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ ለስላሳ በረዶ ነው። እኔ መሀሉን ይዤ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ማንም የደንካልን መንገድ የሚያውቅ ሰው እንደዚያው ያደርጋል፤ ጠጣሩን ትቶ አሸዋው ውስጥ የገባ መኪና ወጥቶ አያውቅማ። እትዬ ዶሪስ ትከሻዬን ቸብ ቸብ እያደረጉ «ጎበዝ፣ እንደዚህ ነው» ይሉኛል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቀዩ መብራት በራ። «ሁልጊዜ እዚህ ነው!» ብለው ጮሁ። አጥፍቼ ወረድኩና ተንበርክኬ እጄን ከሥር ሰደድኩ። ዝርጉ ይፋጃል፤ ደግሞም ደረቅ ነው። አንዲት ፍሬ በረዶ የለበትም። ወደ ኋላ ዞሬ የመጣንበትን መንገድ አየሁ። ሰንሰለቱ ጠጣሩን ጫር ጫር አድርጎታል እንጂ ምንም አላነሳም። ተነስቼ «እትዬ ዶሪስ፣ ሁልጊዜ በዚህ በመሀሉ ነው የሚሄዱት?» አልኳቸው።

«አዎ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ እሱ ነበር የሚነዳው፤ እንደ እብድ ለስላሳው ውስጥ ነው የሚሄደው። እኔ ብቻዬን ብሰምጥ ማን ያወጣኛል ብዬ ጠጣሩን ይዤ እሄዳለሁ።»

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ ማሽኑን ከጠጣሩ አወጣሁና አንዱን ሸርተቴ ለስላሳው ውስጥ አስገባሁት። በረዶው እንደ ዱቄት ተበተነ፣ ፊታችንን ሞላው፣ እትዬ ዶሪስ እየጮሁ ወገቤን ጨመቁኝ። ቤታቸው ደጃፍ እስክንደርስ ቀዩ መብራት ድጋሚ አልበራም። ጩኸታቸው ወደ ሳቅ ሲለወጥ ይሰማኝ ነበር። ያው ሳቃቸውን እንደያዙ ወደ ዌንደል ይዣቸው ተመለስኩ።

ዌንደል «ምን ነበር?» አለኝ። ፖምፓው ትከሻዬ ላይ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ይከብደኛል። አሥር ደቂቃ ስጠኝና ልቀይረው ብል ያምነኛል። በሽታ ያገኘ መካኒክ ነው ደብዳቤ የሚጻፍለት፤ እኔ ያገኘሁት ደግሞ በሽታ አለመኖሩን ነው። የወይንሸት ድምፅ፣ የሠናይት ዝምታ ጆሮዬ ላይ አለ። «ምንም አልተበላሸም» አልኩት። «ማሽኑ ደህና ነው። የሚፈላው ጠጣሩ ላይ ስለሚሄዱ በረዶ ስለማያገኝ ነው። አንድ ጎኑን ለስላሳው ላይ አድርገው ይንዱ፤ አሳይቻቸዋለሁ።»

«ታዲያ ምንም አልሠራህም ማለት ነው?»

«ምንም።»

ዌንደል እህቱን አየ፣ ማሽኑን አየ። «ከአንተ በፊት የነበሩት ሁለቱም አዲስ ፖምፓ ገጥመውላታል» አለና የጭነት መኪናውን በር ከፈተልኝ። ሲያትል ገባን። መንገዱን ሙሉ ተቀጠርኩ ወይስ ተባረርኩ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስገባ በሁለት ጣቱ የጽሕፈት መኪና እየቀጠቀጠ አገኘሁት። ደብዳቤው አራት መስመር ነው። ቋሚ ሠራተኛዬ ነው ይላል፤ ጥሩ መካኒክ ነው ይላል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ደግሞ «የማያውቀውን አላውቅም፣ ያልተበላሸውን አልተበላሸም ይላል» ብሎ ጽፎበታል። የመጨረሻው፣ ቤተሰቡ ቶሎ እንዲመጣለት እጠይቃለሁ የሚል ነበር። ጋሽ ወርቁ ደብዳቤውን ሳነብላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ፖምፓውን ወደ ሱቁ መልሰው» አሉኝ።

ዌንደል ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። እሱም እህቱም ጋሽ ወርቁም ዛሬ የሉም። የጋራዡ ቦታ ላይ መስታወት መስታወት ብቻ የሆነ ሕንፃ ቆሟል፤ ቼሪ መንገድ ላይ ያ የተላጠ ቤታችን ታድሶ፣ እኛ ስድስት ሆነን የከፈልነውን የዓመት ኪራይ ዛሬ በወር የሚከፍል ሰው ይኖርበታል። ባለፍኩ ቁጥር መኪናዬን ቀስ አደርጋለሁ። ቁጭት አይደለም፤ ሰላምታ ነው። የተቀበለኝ ከተማ፣ አጠገቡ ሲሚንቶ ላይ ያስተኛኝ አሠሪ፣ ለእኔ ብለው ኃጢአት የመከሩኝ ጋሽ ወርቁ፣ ካፖርቱን ያወረሰኝ ሮይ ሳይቀር፣ ሁሉንም አመሰግናቸዋለሁ። ሠናይት አሁን ሬድመንድ ትሠራለች። ልጆቿ ይህን ታሪክ ስነግራቸው «ሶ ግራንፓ፣ ምንም ፊክስ አላደረግህም?» ይሉኛል። አላደረግሁም እላቸዋለሁ። ወይንሸት ከማዕድ ቤት ሆና «ደግሞ ሊጀምር ነው» ትላለች።

እነሱ የመጡት ከደብዳቤው በኋላ በመጣው መከር ነው። ሠናይት አምስት ዓመቷን ይዛለች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እቅፍ ላደርጋት ጎንበስ ስል ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ገባች። እሺ፣ ትለምደኛለች አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ግን ለእሷ እኔ «ሰውዬው» ነበርኩ። «እማዬ፣ ሰውዬው መጣ» ትላለች በሩን ስከፍት። «እማዬ፣ ሰውዬው ይብላ?» ትላለች። ወይንሸት ልትቆጣት ስትል ተያት እላለሁ፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃ እከፍታለሁ። ደብዳቤው ልጄን ከካርቱም ሲያትል አምጥቷታል። ከዚያች ቀሚስ ኋላ ማውጣት ግን አልቻለም።

በረዶ ሲወርድ እትዬ ዶሪስ ሦስታችንንም ቤታቸው ጋበዙን። ወይንሸት ብርድ ልብስ ተከናንባ ከእሳቸው ጋር በረንዳ ላይ ቀረች፤ ሁለቱ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ እንጃ፣ ሲሳሳቁ ትቻቸው ሄድኩ። ሠናይት ማሽኑን ስታይ ዓይኗን ተከለችበት። ልትቀመጥበት ፈልጋለች፤ የሚነዳላት ግን ሰውዬው ብቻ ነው። ብዙ አመንትታ እሺ አለች። ከፊቴ፣ በሁለት ክንዴ መሀል አስቀመጥኳትና እንደ ደንቡ ለስላሳውን ይዤ ነዳሁ። ማሽኑ ዘለለ፣ በረዶው ፊቷ ላይ ተበተነ። ወደ ኋላ ተወርውራ ደረቴ ላይ ተለጠፈችና በሁለት እጇ እጅጌዬን ጨምድዳ «አባዬ፣ ቀስ በል!» ብላ ጮኸች።

ቀስ አልኩ። ከለስላሳው ወጥቼ ጠጣሩን ያዝኩ፣ መሀል መሀሉን፣ እንደ ሕፃን አልጋ እያንሸራተትኩ ነዳሁ። እጅጌዬን አለቀቀችም። ሦስተኛው መታጠፊያ ሳንደርስ ቀዩ መብራት በራ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ በደንብ አውቃለሁ፤ አንዱን ሸርተቴ ወደ ዳር ማውጣት ብቻ ነው። አላወጣሁም። አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁት። ያ ጣፋጭ ሽታ መጣ፣ ከዚያ ጸጥታ ሆነ። «ተበላሸ?» አለችኝ። አልተበላሸም፣ ትንሽ ሙቀት ይዞት ነው አልኳት። የካፖርቴን ቁልፎች ፈትቼ ከውስጥ አስገባኋት፤ ጭንቅላቷን አገጬ ሥር አደረገች። «እስኪሻለው እንጠብቀው» አለች። የስንቱን ሞተር ኮፈን ከፍቼ ቶሎ ይብረድልኝ ብዬ ለምኛለሁ፤ አምላኬን አይብረድ ብዬ የለመንኩት ግን በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።